ደህና አይደለሁም

«እንባ ነው ያበጣት» አሉ እትዬ የሺአረግ፣ የዘነበችን አገጭ ይዘው ፊቷን ወደ ድንኳኑ በር እያዞሩ። «ከትናንት ጀምራ ስታለቅስ ምን ትሁን? እስቲ ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ አምጡላት።»

ፎጣው መጣ። ዘነበች ዓይኗን ጨፍና ግንባሯ ላይ አደረገችው። የድንኳኑ ሸራ የግንቦት ነፋስ ሲገባበት ይነፋና ተመልሶ ይረግባል።

እትዬ የሺአረግ የሟቹ፣ የዘነበች ባል የተሰማ፣ ታላቅ እኅት ናቸው። በድሬ ዳዋ፣ ሌላውን እንኳ ትተን በእኛ ሰፈር፣ እሳቸው የሌሉበት ለቅሶ ለቅሶ አይመስልም። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ንፍሮው መቼ እንደሚወጣ፣ የትኛዋ ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የትኛዋ ዝቅ አድርጋ እንደምታለቅስ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሟቹ ራሱ ተነሥቶ ቢመጣ፣ ሳይደነግጡ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚያሳዩት ይመስለናል። አሁን ግን የሞተው የገዛ ወንድማቸው ነው። ሥራውን አጥብቀው የያዙት ቢለቁት እንደሚወድቁ ስለሚያውቁ ነበር፤ እኛም ስለምናውቅ ማንም «ይረፉ» አላላቸውም።

ተሰማ የሞተው ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ነው። በሙቀቱ ምክንያት ያንኑ ቀን ተቀበረ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ነገ ሰኞ ሰልስት። ባለ ለቅሶ ከሰልስት በፊት ከቤቷ አትወጣም። በሰልስቱ ዕለት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ የመጣውን ሁሉ ትቀበላለች። ይህን የማያውቅ የለም፤ ዘነበችም ታውቃለች።

የማታውቀው ከሐሙስ ጀምሮ ራሷ ላይ የተቀመጠው ምን እንደ ሆነ ነው። ከቅንድቧ በላይ ጭንቅላቷን እንደ ጠፍር የሚያጠብቃት ሕመም አለ። ቀና ስትል በዓይኗ ፊት የብርሃን ዝንቦች ይበራሉ። ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋል፤ የጋብቻ ቀለበቷ ሥጋዋ ውስጥ ሰጥሞ መስመሩ ብቻ ነው የሚታየው። ዘነበች የስምንት ወር እርጉዝ ናት። በተጋቡ በዐሥራ አንደኛው ዓመት የመጣ የመጀመሪያ ልጅ ነው። ሕመሙን ለማንም አልተናገረችም። ባሏን የቀበረች ሴት ራሷን እንደሚያማት የታወቀ ነው፤ ምን ብላ ትናገር?

ከግድግዳዋ ወዲያ የምትኖረው ሃሊሞ ግን ያየችው ፊቷን አልነበረም። ሃሊሞ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሽንኩርትና ወሬ በግድግዳው ላይ አብራት ስትለዋወጥ የኖረች ጎረቤቷ ናት። የእትዬ የሺአረግን የአቀማመጥ ሕግ የማታከብር ብቸኛ ሰውም እሷ ናት። ሻሂ በወተት ይዛ ገባች፤ በሴቶቹ መካከል እየተራመደች መጥታ ከዘነበች ጎን ዘጭ አለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ምንጣፉ ወረደ። የዘነበች ነጠላ ጫማ ማሰሪያ በእግሯ ሥጋ ውስጥ ተውጦ ነበር።

«አባዮ» አለች በሹክሹክታ። በሶማሊኛ እኅቴ ማለቷ ነው። «ይሄ እንባ አይደለም። እንባ እግር ድረስ አይወርድም።»

ዘነበች እግሯን በቀሚሷ ሸፈነች። «ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱ ለእኔም አለ። የእኔ እግር ይኸው።» ሃሊሞ የወፍ የመሰለ ቅልጥሟን ከሽርጧ ሥር ብቅ አድርጋ አሳየቻት። በለቅሶ ላይ መሳቅ ነውር ባይሆን ኖሮ ዘነበች በሣቀች።

ሃሊሞ ግን አልሣቀችም። ዐስሊ ስለምትባል ታላቅ እኅቷ ነገረቻት። ዐስሊ ከባሏ ዘመዶች ጋር በበረሃው ስትኖር፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንዲህ አብጣ፣ ዓይኔ ላይ ዝንብ አለ ዝንብ አለ እያለች በእጇ ስታባርር ነበር። ሰዎቹ ይሥቁባት ነበር። አንድ ቀን ውኃ ስትቀዳ ወደቀች፤ እየተንቀጠቀጠች ምላሷን ነከሰች፤ እሷም ልጁም አልተረፉም።

«እሷ ሐኪም አልነበራትም» አለች ሃሊሞ። «አንቺ በጋሪ የሚደረስ ሐኪም አለሽ።»

ሐኪም የሚለውን ቃል ስትሰማ የዘነበች ፊት እንደ በር ተዘጋ። ፎጣውን ገልብጣ ቀዝቃዛውን ገጽ ግንባሯ ላይ አደረገች።

በድንኳኑ ማዶ ወንዶቹ ስለ ተሰማ ይጨዋወታሉ። ተሰማ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ሥራው ሰውን መጠየቅ ሆኖ ሳለ፣ ሰውን ከመጠየቅ የበለጠ የሚያሳፍረው ነገር አልነበረም። ትኬት ሲጠይቅ ኮፍያውን አንሥቶ፣ ላስቸግርዎ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ይላል። አንድ ጊዜ ኤረር ላይ ተሳፍረው የተኙ ሽማግሌ ነበሩ። ለመቀስቀስ አፍሮ በራሳቸው ጊዜ እስኪነቁ አጠገባቸው ቆሞ ሲጠብቅ ባቡሩ ሁርሶ ገባ። ሽማግሌው ሲነቁ ኮፍያውን በእጁ የያዘ ሰው ከላያቸው ቆሞ አዩ፤ የሞቱ መስሏቸው ጮኹ። የጣቢያው ጸሐፊ ወልደጻድቅ ይህን ሲተርክ ወንዶቹ ትከሻቸውን እያንቀጠቀጡ ሣቁ። ወልደጻድቅ ራሱም ከተሰማ የማይሻል ሰው ነው። ሁለቱ ቢሮው በር ላይ ተገናኝተው አንተ እለፍ አንተ እለፍ ሲባባሉ፣ ሦስተኛ ሰው በመካከላቸው ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ እንደ ወጣ በጣቢያው ሁሉ ይወራል።

ሣቁ ሲበርድ ወልደጻድቅ ዓይኑን ጠረገ። «ጨዋ ሰው ነበር» አለ። ሌሎቹም ተቀበሉት፤ ጨዋ ሰው፣ ጨዋ ሰው እያለ ቃሉ ድንኳኑን ዞረ። ዘነበች ጋ ሲደርስ ጎኗን እንደ ወጋት ማንም አላየም።

ከሰዓት በኋላ ሣህሉ ሊያስተዛዝን መጣ። ሣህሉ የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ለፈረንጁ ሐኪም ደግሞ ያስተረጉማል። የእሑድ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ጎንበስ ብሎ ገባና እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት። ከዚያ እንደ ደንቡ ጠየቃት።

«እንደምን ነሽ ወይዘሮ ዘነበች? በረታሽ?»

«ደህና፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ዘነበች።

ሣህሉ እፎይ ያለ መሰለ። ጥቂት ንፍሮ ዘገነ፣ ቆረጠመ፣ ለእትዬ የሺአረግ እጅ ነሥቶ ወጣ። ዘነበች ግን ፎጣውን ከግንባሯ አውርዳ በሩን ስታይ ቀረች። የብርሃን ዝንቦቹ በሩ ላይ ይርመሰመሳሉ። በሰፈሩ ካሉት ሁሉ ስለ ሕመም መናገር የሚገባት ለዚያ ሰው ነበር፤ በእግሩ ድንኳኗ ድረስ መጥቶ ጠይቋታል። እሷም ደህና ብላ ሸኘችው። ተሰማ ሐሙስ ዕለት የመለሰውን ቃል፣ ለዚያው ሰው።

ሐሙስ ዕለት አብራው ነበረች። ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ማክሰኞ ተራው ሊደርስ ሲል ሕፃን ያዘለች ሴት መጣችና ለቀቀላት። ከእሷ በኋላ ክንዱ የተሰበረ የሁርሶ ወታደር፤ ከወታደሩ በኋላ ከሐርላ በአህያ የመጡ ባልቴት። ከዚያ ሐኪሙ ለምሳ ወጣ። ረቡዕም እንዲሁ አለፈ። ዘነበች ስትነጫነጭበት፣ እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እነሱን ተሸክመው ነው ያመጧቸው ይላታል። ቆሞ መሄዱ እውነት ነው። ግን ጎኑን አጉብጦ፣ ቀኝ እጁን ብሽሽቱ ላይ አድርጎ ነው።

ምስጢሩ እዚያ ነበር። ወጣት ሳለ በጣቢያው ሸክም ሲያነሣ የወጣበት ቡአ ነው። የዕንቁላል ያህል ብቅ ይልና በእጁ ሲገፋው ይመለሳል። ከሱሪው ሥር በጨርቅ መቀነት አጥብቆ አስሮት ዓመታት ኖረ። መቀነቱን የምታጥበው ዘነበች ናት፤ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ቢገፋው አልመለስ አለ። እንደ ድንጋይ ጠጠረ።

ሐሙስ ዕለት ዘበኛው በትከሻው ገፍቶ አስገባው፤ አለዚያ ያን ቀንም ለሰው ይለቅ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ ቆሞ እጁን ይታጠባል። ሣህሉ ከጎኑ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወጣት ሴት ካርድ ትጽፋለች። ሣህሉ እንደምን ነዎት አለ። ተሰማ ኮፍያውን አውልቆ፣ ያ ሁሉ ሕመም እያለበት ወገቡን ሰብሮ፣ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ አለ። ሣህሉ ወደ ሐኪሙ ዞሮ በፈረንሳይኛ አንድ አጭር ቃል ተናገረ። የቱ ጋ ነው የሚያምዎት ተባለ። ተሰማ ካርድ የምትጽፈዋን ልጅ አያት። እጁ ከብሽሽቱ ተነሥቶ፣ ቀስ እያለ ወጥቶ፣ እምብርቱ ላይ ሲቆም ዘነበች በዓይኗ ተከተለችው።

«እዚህ አካባቢ፤ ትንሽ» አለ።

ሐኪሙ በሸሚዙ ላይ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገና ቆሞ እንዳለ ጻፈ። ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል፤ በሩ ላይ ደግሞ አርባ ሰው ቆሟል። ዘነበች አፏን ልትከፍት ስትል ተሰማ ዞሮ አያት። ቁጣ አልነበረም፤ ተሰማ መቆጣት አያውቅም። ልመና ነበር። በሰው ፊት አታዋርጂኝ የሚል ልመና። አፏን ዘጋች።

የታዘዘለት የጉሎ ዘይት ነው፣ ሆዱን እንዲያስኬደው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ አስመለሰው። ቅዳሜ አልነጋለትም።

ሰኞ ጠዋት ዘነበች ስትነሣ የክፍሏ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ግማሹ አልታይ አላት። ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ደግማ አየች፤ አሁንም ግማሽ ነው። ሆዷን ይዛ ጠበቀች። ልጁ እንደ ደከመው ሁሉ አንድ ጊዜ ገፋት። ሁለተኛውን ለብዙ ደቂቃ ከጠበቀች በኋላ ልብሷን መልበስ ጀመረች።

እትዬ የሺአረግ ግቢ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትን ሲያሰናዱ ዘነበች በሩ ላይ ብቅ አለች። ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባለች። በእግሯ ያለው የተሰማ ትልቁ ጫማ ነው፤ የራሷ አንዱም አልገባም። ሴቶቹ ጫማውን አይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እትዬ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም» አለች። «ሐኪም ቤት ነው የምሄደው።»

እትዬ የሺአረግ በመጀመሪያ የሰሙ አልመሰሉም። ከዚያ ክንዷን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቧትና በሩን ዘጉ። ሰልስት መሆኑን ረስታ እንደሆነ ጠየቋት። ሕዝብ ሊመጣ ነው፤ ከጣቢያው እስከ አለቆቹ ድረስ ይመጣሉ፤ ባለ ለቅሶዋ የት ሄደች ሲባል ምን ሊባል ነው? የአፈሩ እርጥበት ሳይደርቅ ሚስቱ በከተማው ስትዞር ታየች እንዲባል ነው? ሐኪሙ እንደሆነ የትም አይሄድ፣ ነገም አለ።

«ነገ እኔ ላልኖር እችላለሁ» አለች ዘነበች።

«አፍሽን ቁረጭ።»

«እትዬ፣ ተሰማን ያመመው ሆዱ አልነበረም።»

እትዬ የሺአረግ ክንዷን ለቀቁት።

ዘነበች ሁሉንም ነገረቻቸው። ቡአውን፣ መቀነቱን፣ እጁ ከብሽሽቱ ተነሥቶ እምብርቱ ላይ እንደ ቆመ። «ዐውቅ ነበር» አለች። «ብናገር ይፈታ የነበረው ሱሪው ብቻ ነው። እሱ በዓይኑ ለመነኝና ዝም አልኩ። ትናንት ሣህሉ ሲመጣ ደግሞ እኔም ደህና ነኝ አልኩት። ይኸው ዛሬ ሥዕለ ማርያምን ግማሿን ነው የማያት።»

እትዬ የሺአረግ የእህል ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ከቅዳሜ ወዲህ የተቀመጡት ያን ጊዜ ነው። ዘነበች ይረግሙኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢረግሟትም ተገቢ ነው ብላ ነበር። እሳቸው ግን ያዩት እሷን አልነበረም።

«ልጅ ሳለ ጆሮው ውስጥ ባቄላ ገባበት» አሉ በመጨረሻ። «አባታችን እንግዳ ነበራቸው። እንግዶቹን እንዳያውክ ብሎ ለማንም አልነገረም። እንግዶቹ ሳምንት ሰነበቱ፤ እሱም ባቄላውን ይዞ ሳምንት ሰነበተ። በኋላ በፀጉር ወለባዬ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሲያብጥ፣ መግል ሲወጣው፣ አባታችን ምን አሉ መሰለሽ? ይህ ልጅ እንዴት ጨዋ ነው አሉ። እኛም ጨዋ ነው ጨዋ ነው እያልን አሳደግነው።»

የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ትንሽ ቆይተው ተነሡና የዘነበችን ነጠላ አንገቷ ላይ አስተካከሉላት።

«ሂጂ። ሰልስቱን እኔ እቀመጥለታለሁ።»

«የት ሄደች ቢሉዎትስ?»

«ሐኪም ቤት እላለኋ! ልዋሽልሽ ኖሯል?»

ሃሊሞ ጋሪ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፤ የጓዳውን ንግግር በግድግዳው በኩል እንዳልሰማች ሆና። የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግረው ከዚራ ሰፈር እስኪገቡ ባለ ጋሪውን አንድም ጊዜ አላሳረፈችውም። ድንጋይ አትርገጥ፣ ፈረሱን አታስሩጥ፣ ፈረሱን አታስተኛው እያለች ነዘነዘችው። በመጨረሻ ሰውዬው ልጓሙን ዘርግቶ «እንኪ፣ አንቺ ንጂው» አላት። እሷም ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ መልሶ ያዘው።

ሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ የሰኞ ሰው ሞልቷል። ጥቁር ለብሳ፣ ሆዷን ይዛ፣ በወንድ ጫማ እየተጎተተች ስትመጣ አንድ ሽማግሌ አይተው ለቅሶኛ ናት፣ ትለፍ አሉ። ከፊት ያሉት ወደ ጎን ተከፈሉ። ዘነበች ልማዷ አይሆንም፣ ተራዬን እጠብቃለሁ የሚል ነበር፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ከተሰማ ጋር ኖራ ሌላ ምን ትላለች? ቃሉ አፏ ድረስ መጣ። ቀና ብላ ወረፋውን ስታየው ግን የሰዎቹ ፊት ግማሽ ግማሹ የለም።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ አለፈች። ከኋላዋ አንድ ሰው አጉረመረመ። ሃሊሞ ዞር ብላ አየችውና ማጉረምረሙን ተወ።

ክፍሉ እንደ ሐሙሱ ነበር። ሐኪሙ ቆሟል፤ ልጅቷ ካርድ ትጽፋለች። ሣህሉ ሲያያት ደነገጠ።

«ወይዘሮ ዘነበች! ሰልስት አይደለም እንዴ ዛሬ? እንደምን ነሽ?»

«ደህና አይደለሁም» አለች።

በሕይወቷ እንደምን ነሽ ላላት ሰው እንዲህ ብላ መልሳ አታውቅም። እጅ የዘረጋላትን ሰው በጥፊ የመታች ያህል ጆሮዋ ጋለ። ሣህሉ ከቃሉ በኋላ ሌላ ነገር የሚከተል መስሎት ጠበቀ፤ ምንም አልተከተለም። ወደ ሐኪሙ ዞሮ ተናገረ። ሐኪሙ ጥቁር ልብሷን አየ፤ በኀዘኔታ ራሱን ነቅንቆ ወረቀት ሳበ።

«የሚያረጋጋ ክኒን ያዝልሻል» አለ ሣህሉ። «አይዞሽ፤ ኀዘኑ ነው።»

«ምን ብለው ነገሩት?»

«ባሏ ቅዳሜ ሞቶባታል፣ ኀዘን ጎድቷት ነው አልኩት።»

«እኔ መች ተናገርኩና? አቶ ሣህሉ፣ አያሳጥሩብኝ። እኔ አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ፤ እርስዎም አንድ በአንድ ይንገሩልኝ።»

ሣህሉ በሩን አየ። ውጪ ይሳላሉ፣ ሕፃን ያለቅሳል። ብዙ ሰው አለ፣ በኋላ ተመልሰሽ ብትመጪ የሚል ነገር ጀመረ። ሐኪሙ ብዕሩን አላቆመም፤ በግራ እጁ ወደ ዘበኛው ምልክት ሰጠ። ዘበኛው ቀጣዩን ሊያስገባ በሩን ከፈተ።

ዘነበች እጇን ዘርግታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው።

ብዕሩ ጣቶቿ ሥር ቆመ። ልጅቷ መጻፏን ትታ ቀና አለች። ሐኪሙ ሊቆጣ ከንፈሩን ከፍቶ ነበር፤ ዓይኑ ግን እጇ ላይ ወደቀ። ውኃ እንደ ሞላ ጓንት ያበጠ እጅ፤ ሥጋ ውስጥ የተቀበረ ቀለበት። ብዕሩን አስቀመጠ። እጇን አንሥቶ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱን ሲያነሣ ጎድጓዳው እዚያው ቀረ። ሁሉም አዩት። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይላል» አለ ሣህሉ። ድምፁ ተለውጧል።

ነገረችው። ራሷን፣ ዝንቦቹን፣ ሽንቷ ማነሱን፣ የግማሹን ሥዕል፤ አንዱን ስትጨርስ ትቆማለች፤ ሣህሉ እስኪያስተረጉም ጠብቃ ሌላውን ትቀጥላለች። ሐኪሙ የሚነፋውን ጨርቅ ክንዷ ላይ ጠቅልሎ ነፋ፣ አዳመጠ። ጆሮው ላይ ያለውን ማዳመጫ አስተካክሎ ደግሞ ነፋ። ከዚያ ዘበኛውን በሩን ዝጋ አለው፤ ፈረንሳይኛ ባታውቅም ይህን ያለ አስተርጓሚ ሰማችው።

«የደምሽ ግፊት በጣም ከፍ ብሏል። አሁኑኑ እዚሁ ትተኛለሽ፤ ወደ ቤት መመለስ የለም። ዛሬ ባትመጪ ኖሮ...» ሣህሉ አቆመ።

«ይጨርሱት።»

«ዛሬ ባትመጪ አንቺም ልጁም አትተርፉም ነበር ይላል።»

ዘነበች ራሷን ነቀነቀች። ከቦታዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። «አንድ ይቀረኛል። ይህንንም ሳያሳጥሩ ይንገሩልኝ። ባለቤቴ ተሰማ ሐሙስ ዕለት እዚህ ቆሞ ነበር። ሆዴን አለ። ሆዱን አልነበረም። ብሽሽቱ ላይ ቡአ ነበረው፣ ጠጥሮ አልመለስ ብሎት። ይቺ ልጅ ስላለች አፈረ። እኔም በሩ ጋ ቆሜ ዝም አልኩ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሣህሉ አንድም ሳያሳጥር አስተረጎመ። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ በጣቱ ያዘው። ጥቂት ቃል ተናገረ።

«‹ልብሱን አስወልቄ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም› ይላል» አለ ሣህሉ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ከራሱ ጨመረ። «እኔም ደህና ነው ይላል ብዬ ነው የነገርኩት። ከሰላምታው ሌላ እንዳልሆነ እያወቅኩ።»

በረንዳው ላይ ወረፋው ያጉረመርማል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ለትንሽ ጊዜ ማንም ቀጣይ አላለም።

መጋረጃው የተጋረደ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አስገቧት። መርፌ ተወጋች። ነርሷ ከእንጨት የተሠራ ቀንድ የመሰለ ነገር ሆዷ ላይ አድርጋ ጆሮዋን አስጠግታ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ሃሊሞ ትንፋሿን ውጣ ከጎን ቆማለች።

«ይመታል» አለች ነርሷ።

ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጣ አንድ ጠብታ ያላፈሰሰችው ሃሊሞ ይህን ጊዜ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ልትሄድ ተነሣች። እትዬ የሺአረግ ይጠብቃሉ። ድንኳኑ መሐል ቆማ ለሕዝቡ ሁሉ እንደምትናገር ከአረማመዷ ያስታውቃል።

ነርሷ ጥቁሩን ልብስ አስወልቃ የሐኪም ቤቱን ነጭ አለበሰቻት። አልጋው ጠባብ የብረት አልጋ ነው። ዘነበች ወጣችበት፣ ተጋደመች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ነርሷ ውኃ ይዛ ስትመለስ በሩ ላይ ቆም ብላ አየቻት።

«እናቴ፣ እዚያ ጠርዝ ላይ ምን ያደርግሻል? ትወድቂያለሽ። ወደ መሐል ጠጋ በይ።»

ዘነበች ዓይኗን ገለጠች። ትከሻዋ ከአልጋው ብረት ላይ ነው፤ አንድ እጇ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። በሌላው ጎኗ ያለው ግማሽ አልጋ፣ ቤቷ ሆና ለተሰማ የምትተወው ጎን፣ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው፣ አንሶላው እንደ ተነጠፈ፣ አንድም ቦታ አልተጨማደደም። እጇን ዘርግታ ቀስ ብላ ዳበሰችው። ቀዝቃዛ ነበር።

«ይቅርታ» አለች፤ ለነርሷ አልነበረም። ከዚያ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መሐል ገባች።